ሸክላው አልታመመም፣ ክፍሉ ነው የደረቀው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ሲያርፉ ሰባ የሚሆኑ የሙዚቃ ሸክላዎቻቸውን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዤ መጣሁ። እዚያ ስንሰማቸው ደህና ነበሩ። እዚህ ግን፣ በተለይ ከገና ወዲህ፣ ከወረቀታቸው ሳወጣቸው ይንጣጣሉ፣ የክንዴ ፀጉር ይቆማል። አቧራቸውን ብጠርግም ወዲያው ተመልሶ ይለጠፋል። እየተጫወቱ እያለም ድንገት ጧ ይላሉ። አንዱ በአልኮል ጥረጊያቸው አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመረውን ሽታ ያለው ወረቀት አሺባቸው አለችኝ። ከመሃላቸው ሁለቱ ትልልቅና ከባድ የድሮ ሸክላዎች ናቸው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መጀመሪያ አልኮሉን አስቀምጪው። ሽታ ያለውንም ወረቀት ወደ ልብስሽ መልሺው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአባትሽ ሸክላዎች ምንም አልሆኑም። ሸክላ ላይ ድምፁ ያለው መርፌው በሚሄድበት ቀጭን ቦይ ቅርጽ ውስጥ ነው። የሚንጣጣብሽ ነገር ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል፤ ነገሮች ተነካክተው ሲላቀቁ ገጻቸው ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ነው። እሱ ያንን ቅርጽ አይነካውም። ካሴት ማግኔት አጠገብ ቢያድር ዘፈኑ ሊጠፋ ይችላል፤ ሸክላ እንደዚያ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ዞሮ ነው። ይህን ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ቻርጅ፣ የያዘ ሸክላ አቧራ ይጠራል። አቧራው ቦዩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መርፌው ይመጣና እየገፋ፣ እየፈጨ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። አንዴ የተሰካ አቧራ ደግሞ በመጥረግ አይወጣም። ስለዚህ ስታቲኩን መቀነስሽ ተገቢ ነው፤ ግን መድኃኒቱን ሸክላው ላይ አትፈልጊው። ከክፍልሽ ጀምሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባትሽ ትንንሾቹ ሸክላዎች የተሠሩት ከቪኒል ነው፤ ያው የቧንቧ ፕላስቲክ የሚሠራበት ፒቪሲ ማለት ነው። ፒቪሲ ከሌላ ነገር ጋር ተነካክቶ ሲላቀቅ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይቀራል። ከወረቀት ይነጥቃል፣ ከእጅሽ ቆዳ ይነጥቃል፣ ከናይለን ይነጥቃል። ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም የነጠቀውን ይዞ ይቀመጣል። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ማታ መብራት አጥፍተሽ ሹራብ ስታወልቂ የሚንጣጣውና ብልጭ የሚለው ነገር ትዝ ይልሻል? እሱው ነው። ሸክላውን ከወረቀቱ ሳብ ባደረግሽ ቁጥር ሹራብ እያወለቅሽለት ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ እያሉ ለምን ደህና ነበሩ? አየሩ እርጥበት ሲኖረው የሁሉም ነገር ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ይቀመጣል። ቻርጁ በዚያች ሽፋን ላይ ቀስ እያለ ይፈሳል። ሜሪላንድ በክረምት ውጭው ዜሮ ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ነው እንበል። ያ አየር ቤትሽ ገብቶ 21 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ውሃው የትም አልሄደም። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ የመያዝ አቅም ስላለው ያው ውሃ ኢምንት ሆነበት እንጂ። ከንፈርሽ የሚሰነጠቀው፣ የበር እጀታ የሚያቃጥልሽም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ማሞቂያ ያለው ቤት ብዙም የለም። አየሩ በበጋ ቢደርቅም እንዲህ ተጠብሶ አይደርቅም።

ወደ መፍትሔው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጣሪልኝ። የምትሰሚው ጧ ጧ ሁሉ ስታቲክ ላይሆን ይችላል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ድምፁ በየ1.3 ሰከንዱ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ ያለማቋረጥ ከመጣ ጭረት ነው። ያንኑ ዘፈን ደግመሽ ስታጫውቺ በዚያው ቃል ላይ አንዴ ጧ ካለ ደግሞ የተጣበቀ ቆሻሻ ወይም የተጎዳ ቦታ አለ ማለት ነው። ስታቲክ ቀጠሮ አያከብርም። አሁን እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ፤ ስትደግሚው ቦታውን ቀይሮ ታገኚዋለሽ። ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ስሚው። ጧ ባለ ቁጥር የስንኙን ቃል ጻፊ። ሦስቱን ስታስተያዪ መልሱ ፊትሽ ላይ ይሆናል።

ይህን ያልኩሽ እንዲሁ አይደለም። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከጀመረ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የወጡት የአማርኛ ነጠላ ሸክላዎች የተጫወቱት በስስት አልነበረም። በየቡና ቤቱ፣ በየሙዚቃ ቤቱ፣ በየሠርጉ፣ በከባድ የማጫወቻ ክንድና ባለቀ መርፌ ተፈጭተዋል። ስለዚህ ከሰባው ውስጥ አንዳንዱ የሚያሰማሽ ዕድሜውን ነው። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ የሚሻክር ከሆነ ቦዩ ተበልቷል፤ ለዚያ እርጥበትም ብሩሽም አያድነውም።

አሁን ወደ ክፍሉ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና ሸክላዎቹ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። ከ35 በመቶ በታች ካሳየሽ ጠላትሽን አገኘሽው። ከ40 እስከ 50 ባለው መሃል እንዲቆይ አድርጊ። ከዚያ በላይ አትመኚ፤ 60ን ሲያልፍ ሻጋታ ይመጣል፣ ሻጋታ ደግሞ ከስታቲክ የባሰ ነው። የሽፋኑን ወረቀት ይበላል።

እርጥበት መጨመሪያ ማሽን ስትገዢ አንድ ወጥመድ አለ። በአልትራሳውንድ ጉም የሚተፋው ዓይነት ውሃውን ከነማዕድኑ ነው የሚበትነው። የቧንቧ ውሃ ከጨመርሽበት በሳምንቱ ጥቁር የቤት ዕቃ ላይ ነጭ ዱቄት ታያለሽ። ያ ዱቄት ሸክላሽም ላይ እየተቀመጠ ነው። አቧራ ለማስወገድ ብለሽ አቧራ ገዛሽ ማለት ነው። ወይ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ ከማዕድን የጠራ ውሃ) ተጠቀሚ፣ ወይ በእርጥብ ማጣሪያ ውስጥ አየር የሚያሳልፈውን ዓይነት ግዢ። ቢያንስ ሸክላ ከመስማትሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብለሽ አብሪው። የሸክላዎቹን መደርደሪያ ከማሞቂያው አፍ አርቂው፤ ይህ ገንዘብም አይጠይቅሽም።

ክፍሉ ውስጥ ካለሽ ላይቀር፣ ቡና የምታፈዪው የት ነው? አትቆጪኝ። ከአገር ቤት የሚመጡልኝን ሸክላዎች በነጭ ጨርቅ ሳጥብ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነገር ይወጣል። ቡናው የሚቆላው፣ ዕጣኑ የሚጨሰው ሸክላው ባለበት ሳሎን ነውና። የዕጣን ጢስ ሙጫ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይለጠፋል፣ አቧራውንም እንደ ማስቲሽ ያጣብቀዋል። ዕጣኑን አትተዪ፤ ሸክላዎቹን ግን ሌላ ክፍል አስገቢያቸው።

ቀጥሎ አንቺ ራስሽ ነሽ። ምንጣፍሽ ናይለን ከሆነና ካልሲ አድርገሽ ከሄድሽበት ቻርጁን ተሸክመሽ ነው ሸክላው ጋ የምትደርሺው። ሸክላ ከመንካትሽ በፊት ቧንቧ ወይም የማሞቂያውን የብረት አካል ንኪ። ፖሊስተር ሹራብ አውልቂና ጥጥ ልበሺ። ጋቢ ካለሽ ጋቢ ደርቢ፤ ቀልዴን አይደለም። ጥጥ ቻርጅ በመቀበልም በመስጠትም ለዘብተኛ ከሚባሉት ጨርቆች አንዱ ነው።

ሸክላውን ከወረቀቱ ስታወጪ አትሳቢው። ወረቀቱን በአንድ እጅሽ ይዘሽ ጠርዙን ሆድሽ ላይ ጫን አድርጊው፤ አፉ እንደ ከረጢት ይከፈታል። ከዚያ ዘንበል ስታደርጊው ሸክላው በራሱ ክብደት ተንሸራትቶ መዳፍሽ ላይ ይመጣል። ጠርዙን በአውራ ጣትሽ፣ መሃሉን በቀሪዎቹ ጣቶችሽ ያዢ። ጎኑ ወረቀቱን ሳይፈትግ ወጣ ማለት ነው። ስትመልሺውም እንዲሁ። የአባትሽ ወረቀቶች ዕድሜ ያላቸው፣ የሻከሩና ራሳቸውም አቧራ የሚያራግፉ ስለሚሆኑ በአዲስ ጸረ ስታቲክ የውስጥ ኪስ ተኪያቸው። ወተት የሚመስል፣ ሳሳ ያለ የፖሊኢትሊን ኪስ ጥሩ ነው። ጠንከር ያለና የሚሸት የፒቪሲ ፕላስቲክ ግን አትግዢ። ማለስለሻ ኬሚካሉ ከጊዜ በኋላ ሸክላው ላይ ይወጣና የማይለቅ ጉም ይመስላል።

አሁን ማጫወቻሽን ክፈቺ። የሚሽከረከረው ሰሃን ላይ ያለችው ምንጣፍ ምንድን ናት? እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ጠቅጠቅ ያለች፣ ፌልት የሚሏት ከሆነች ከዋናዎቹ ተጠያቂዎች አንዷን ይዘናል። ሸክላውን ስታነሺ አብራ ተለጥፋ ትነሳለች አይደል? አንድ ደንበኛዬ ማጫወቻው ተበላሽቷል ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። ማጫወቻው ምንም አልነበረበትም። ሸክላውን አነሳሁት፣ ፌልቷም ተከትላው ተነሳች፤ አየር ላይ ትንሽ ተንጠልጥላ ቆየችና ጧ ብላ ሰሃኑ ላይ ወደቀች። በቡሽ ምንጣፍ ቀየርኩለት። የዚያን ዕለት ያስከፈልኩት የቡሿን ብቻ ነው። ቆዳም ይሆናል፣ ጎማም ይሆናል።

የማጫወቻው ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን ሌላው ነው። በደረቅ ጨርቅ ከወለወልሽው በቻርጅ ሞላሽው፤ ሸክላው ደግሞ ከሥሩ ነው የሚሽከረከረው። በረጠበ ጨርቅ ጥረጊው፣ ስትሰሚ ደግሞ ክዳኑን ብታወልቂው ይሻላል። ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) ላይ ካለችው ብሎን ጋር መታሰሩንም እይ። እሱ በዋነኛነት እምም የሚለውን ድምፅ የሚያጠፋ ቢሆንም ቻርጁም መውጫ መንገድ ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ብሩሽ። የካርቦን ቃጫ ብሩሽ ግዢ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የምትገዢው ለዚህ ነው። ግን ብዙ ሰው ብሩሹን በፕላስቲኩ ይዞ ይጠርግና አልሠራልኝም ይላል። ቻርጁ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። ጣትሽ ብሩሹ የብረት ክፍል ላይ ይሁን፣ ሌላው እጅሽ ደግሞ አምፕሊፋየሩን ወይም ማሞቂያውን ይንካ። ሸክላው እየተሽከረከረ ብሩሹን ጫን ሳታደርጊ፣ ጫፉ ብቻ እንዲነካ አድርጊ። ሁለት ዙር። ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ ጠርዙ አውጪው። ከጫንሽው መጥረግሽ ቀርቶ መፈተግ ይሆናል፤ ፍትግ ደግሞ ያው የችግሩ ምንጭ ነው። በሹራብ ክንድ አትጥረጊ፣ በአፍሽም እፍ አትበይ። ምራቅ ይደርቃል።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ሹር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቪ15 ዓይነት አራት በተባለው ካርትሪጅ (መርፌዋን በሚይዘው ዕቃ) ላይ፣ ከመርፌው ፊት ለፊት ትንሽ የካርቦን ቃጫ ብሩሽ ገጥሞበት ነበር። መርፌው ከመድረሱ በፊት አቧራውን ትገፋለች፣ ቻርጁንም ወደ መሬት ታወርዳለች።

ሽጉጥ የሚመስል ነገር በኢንተርኔት ሳታዪ አልቀረሽም፤ ዜሮስታት ይባላል። ባትሪ የለውም። ውስጡ ያለው ክሪስታል ሲጨመቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያመነጫል። ቃታውን ስትስቢ አዎንታዊ አየኖች (ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች)፣ ስትለቂው አሉታዊ አየኖች ይወጣሉ። ይሠራል፣ እኔም አለኝ። ሰው የሚሳሳተው ቀጭ ቀጭ እያደረገ ስለሚተኩስ ነው። ከሸክላው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ ቃታውን ሁለት ሦስት ሰከንድ ወስደሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ እንዲሁ ቀስ ብለሽ ልቀቂው። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ቸኩለሻል። መርፌው አጠገብ አታድርጊው። ግን ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ክፍልሽ 20 በመቶ ላይ እያለ ደግሞ ሸክላውን ወረቀቱ ውስጥ መልሰሽ ስታወጪው እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። እርጥበቱን አስተካክለሽ፣ ፌልቷን ጥለሽ፣ አሁንም ካስቸገረሽ ብቻ ግዢ።

ማጠብ ይጠቅማል፤ ለቪኒሎቹ። ውሃ ቻርጁንም አቧራውንም አብሮ ይወስዳል። ዲስቲልድ ውሃና ውሃው ገጹ ላይ እንዲዘረጋ የሚያደርግ ጥቂት ጠብታ ማርጠቢያ ይበቃሻል። ፎቶ አጣቢዎች ለፊልም የሚጠቀሙበት ፎቶ ፍሎ ይሆናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተርጂቶል የሚባለውን ማርጠቢያ በጣም አቅጥኖ ይጠቀማል። የሳህን ሳሙና ግን ሽቶና ቀለም አለው፣ ሽፋን ይተዋል። ለስላሳ ብሩሽ ያዢና የቦዩን አቅጣጫ ተከትለሽ፣ እየዞርሽ እጠቢ፤ አቋርጠሽ አትሂጂ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ተጠንቀቂ፤ የዘፋኙ ስም ያለው እዚያ ነው። በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቂና ሳህን ማንጠፍጠፊያ ላይ አቁሚው። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። ፎጣ አንስተሽ ካሸሽው ያስወጣሽውን ቻርጅ መለስሽው። በራሱ ይድረቅ። ያ ሽታ ያለው የማድረቂያ ወረቀትም ችግሩ ይኸው ነው፤ ልብስ የሚያለሰልስ ቅባት የመሰለ ነገር ይቀባል። ስታቲኩ ለጊዜው ይጠፋል፣ ቅባቱ ግን ቦዩ ውስጥ ይቀራል፤ መርፌሽም ይሰበስበዋል።

አሁን ሁለቱ ከባዶች። በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ጠርዛቸውን ምቺ። እንደ ሸክላ ሳህን ቅው ካሉ፣ ምንም የማይተጣጠፉ ከሆኑና 78 (በደቂቃ 78 ዙር ማለት ነው) የሚል ካለባቸው ሼላክ ናቸው። ገጣሚውና ድምፃዊው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው የተቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። «ሸክላ» የሚለው ስማችን በደንብ የሚገጥመውም ለእነዚህ ይመስለኛል፤ ከወደቁ እንደ ጀበና ይሰበራሉ። ሼላክ ትንንሽ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። አናጺዎች ጎማላካ የሚሉት፣ የቤት ዕቃ የሚያንጸባርቁበት ነገር ነው። አናጺ ጎማላካን በምን ይበጠብጠዋል? በአልኮል።

አልኮሉን አስቀምጪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አደራ የተሰጠኝን አንድ 78 በአልኮል በተነከረ ነጭ ጥጥ አሸሁት። ጥጡ ጥቁር ሆነ። ስንት ዘመን የቆየ ቆሻሻ ነው የወጣው ብዬ ደስ አለኝ። ሌላ ጥጥ ያዝኩ፤ እሱም ጠቆረ። ሦስተኛው ላይ ሸክላውን ወደ መብራት አዙሬ አየሁት። ያሸሁበት ቦታ ማንጸባረቁ ቀርቶ ዳምኗል። ጥጡ ላይ የነበረው ቆሻሻ አልነበረም፤ ሸክላው ራሱ ነበር። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ያ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

ደስ የሚለው፣ ሼላክ ውስጥ ብዙ የድንጋይ ዱቄት ስለተቀላቀለበት እንደ ቪኒል በስታቲክ አያስቸግርም። የሚያሰማሽ የማያቋርጥ ሽው ሽው የድንጋዩ ነው፤ አብሮት የተወለደ ነው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጊያቸው። በ45ቱ መርፌም አታጫውቻቸው። የ78 ቦይ ሰፊ ስለሆነ ትንሿ መርፌ ከሥሩ ወርዳ ቆሻሻውን ታርሳለች። ለእነሱ የሚሆን ወፍራም መርፌ ለብቻው ይሸጣል። ከሌሎቹም መሃል የአሜሪካ 45 ካገኘሽ ተጠንቀቂ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ከፖሊስታይሪን ነውና አልኮል አይወዱም።

ሸክላዎቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ታስቢ እንደሆነ ደግሞ አሁን አትጀምሪ። ሐምሌ ይምጣ። የሜሪላንድ የሐምሌ ምሽት ላይ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተሽ፣ መስኮቱን ከፍተሽ ቅጂ፤ በጥር ያሰቃየሽ ሸክላ ዝም ብሎ ሲዘፍን ታገኚዋለሽ። ሲቀዳ የቅጂውን ጥራት 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ አድርጊው። የቀረችውን አንድ ሁለት ጧ በሶፍትዌር ማንሳት ቀላል ነው፤ ያልጸዳውን የመጀመሪያ ቅጂም አታጥፊ።

ወረቀቶቹን ስትቀይሪ የድሮዎቹን እንዳትጥያቸው። የዚያ ዘመን ሰው ወረቀቱ ላይ ስሙን፣ የገዛበትን ቀን፣ አንዳንዴም ማን እንደተዋሰው ይጽፍ ነበር። አዲሱ ኪስ ውስጥ ሸክላውን፣ ከውጭ በኩል ደግሞ አሮጌውን ወረቀት ጠፍጠፍ አድርገሽ አብረሽ አስቀምጪ። የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ ካለበት እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው፤ የዚያ ዘመን ቀለም ይፈሳል።